ዓሣዬን የገደላት ተውሳኩ አይደለም

ይህን የምጽፈው ዓሣው ላይ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ አይቶ፣ ሌሊቱን ስልኩን ይዞ መፍትሔ ለሚፈልግ ሰው ነው። ያን ሌሊት አንድ ሰው እንኳ «መድኃኒቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ የማጣሪያ ስፖንጅህን አዘጋጅ» ቢለኝ ኖሮ ታንግ የምትባለው ሐምራዊቷ ዓሣዬ ዛሬም በነበረች።

የተወለድኩት አሰብ ነው። በ1983 ዓ.ም. ቤተሰቤ ከዚያ ሲወጣ ገና ልጅ ነበርኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ ቨርጂኒያ ውስጥ ባለ 75 ጋሎን የባሕር ውሃ አኳሪየም ስጀምር በልቤ የነበረችው አንዲት የቀይ ባሕር ዓሣ ናት፤ ገላዋ ሐምራዊ፣ ጭራዋ ደማቅ ቢጫ። ዋጋዋ የሚቀመስ ስላልነበር ሁለት ዓመት ቆጥቤ ነው የገዛኋት።

በሽታውን ቤቴ ያስገባሁት እኔው ነኝ። አንድ ቅዳሜ ትንሽ ዓሣ ገዛሁ። ሻጩ «እኛ ጋ ሦስት ሳምንት ቆይታለች፣ ጤነኛ ናት» አለኝና ለይቶ ማቆያ ሳላስገባ ከሌሎቹ ጋር ቀላቀልኳት። በአሥረኛው ቀን ታንጓ ገላዋን ድንጋይ ላይ ታሽ ጀመር፤ በማግስቱ ነጠብጣቡ ወጣ።

ተውሳኩ ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስ ይባላል፤ እኛ «ኢች» እንለዋለን። ባለ አንድ ሕዋስ ነው። ዓሣው ቆዳና ስንጥብ ላይ ጥቂት ቀን ይመገብና ይረግፋል፤ ድንጋይና አሸዋ ላይ ተጣብቆ ሽፋን ሠርቶ ይከፋፈላል፤ ከዚያ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆቹ ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ። ስለዚህ ነጠብጣቡ ጠፋ ማለት ዓሣው ዳነ ማለት አይደለም። መድኃኒቱ መዳብ ነው፤ እሱም የሚገድለው የሚዋኙትን ብቻ ነው። መዳብ ደግሞ ሽሪምፕንና ቀንድ አውጣን፣ ኮራልንም ይፈጃል። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ዓሣዎቹን ሁሉ አውጥቶ ለብቻ ማከም፣ ዋናውን ገንዳ ያለ ዓሣ ማቆየት። «ኮራል አይጎዳም» ተብሎ የሚሸጠውን መድኃኒት እኔም ገዝቼ ነበር። ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ዓሣዎቹን ለመያዝ ድንጋዩን በሙሉ አወጣሁ፤ እሑዴ በዚያ አለቀ። የሕክምና ገንዳው ባለ 20 ጋሎን ነበር፤ ማሞቂያ፣ የአየር ፓምፕ፣ ለመደበቂያ የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ። መዳቡን ስለሚመጥጡት ድንጋይና አሸዋ አላስገባሁም። እስከዚህ ድረስ ልክ ነበርኩ።

ስፖንጁ ግን ከፓኬቱ የወጣ አዲስ ነበር።

ዓሣ አሞኒያ ያወጣል። በዋናው ገንዳ ያን አሞኒያ የሚበሉት ድንጋዩና ማጣሪያው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አዲስ ስፖንጅ ላይ እስኪባዙ ሳምንታት ይፈጃል። ይህን አውቅ ነበር። ቢሆንም ሱቁ «ይህን ጨምርበት፣ ወዲያው ይሠራል» ያለኝን የባክቴሪያ ጠርሙስ አምኜ ገለበጥኩ። መዳቡን በሁለት ቀን ቀስ እያልኩ ከፍ አደረግኩ፤ መለኪያዬ የሚፈለገውን መጠን ሲያሳይ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ውሃው ደፍርሶ ነጣ ብሏል። ታንጓ ከላይ ሆና በፍጥነት ትተነፍሳለች። አሞኒያውን ስለካው ቀለሙ አረንጓዴ ሆነ፤ ውሃው ውስጥ አሞኒያ አለ ማለት ነው። ሱቁ ስደውል «ክሎሪንና አሞኒያ የሚያስረውን ፈሳሽ ጨምርበት» አሉኝ። ቤት ነበረኝ። ደንግጬ ስለነበር እጥፍ አድርጌ ጨመርኩ።

ያ ፈሳሽና መዳብ አንድ ላይ አይሆኑም። ኬሚካሉ መዳቡን ለዓሣ እጅግ ወደሚመርዝ ዓይነት ይለውጠዋል። ማስጠንቀቂያው የመዳቡ ጠርሙስ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ ያነበብኩት ግን ማታ፣ ታንጓ በጎኗ ከወደቀች በኋላ ነው። ማድረግ የነበረብኝ ግማሹን ውሃ መለወጥ ብቻ ነበር፤ ጨውና ሙቀቱ የተስተካከለ፣ መዳቡም እኩል የሆነ ውሃ። ግን የተዘጋጀ ውሃ አልነበረኝም። ጨው ለመበጥበጥና ለማሞቅ ሰዓታት ይወስዳል፤ እሷ ደግሞ ያን ያህል ጊዜ አልነበራትም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሞተች። ባለቤቴ ባልዲ እያቀበለችኝ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ውሃ ስንለውጥ ክላውንፊሽ የሚባሉት ሁለቱ ዓሣዎቼ ተረፉ።

በማግስቱ ሱቁ ሄጄ ነገርኳቸው። «ታንግ ድሮም ስስ ናት» ነው ያሉኝ። ይቅርታ አልጠበቅኩም፤ ግን አንድም ሰው «መዳብ ውስጥ ናቸው?» ብሎ አለመጠየቁ እስካሁን ያንገበግበኛል። እኔም መዳብ ውስጥ ናቸው ብዬ አልነገርኳቸውም።

የቀረው ትዕግሥት ነው። የመዳቡ ጠርሙስ 14 ቀን ይላል፤ እኔ 30 ቀን አቆየኋቸው። ዋናው ገንዳ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ 76 ቀን ያለ ዓሣ ከረመ። ያው ሱቅ «አራት ሳምንት ይበቃል» ብሎኛል፤ አልሰማሁም፣ እናንተም አትስሙ። የሁለቱን ገንዳዎች መረብ ለዩ፤ ከሕክምናው ገንዳ የወጣ እርጥብ እጅ ሳይታጠብ ወደ ዋናው አይግባ። አንዲት ጠብታ ቆጠራውን ከአንድ ታስጀምራችኋለች።

ከሁሉ በላይ ግን ዛሬውኑ፣ ዓሣዎቻችሁ ጤነኛ ሳሉ፣ አንድ ተጨማሪ ስፖንጅ ዋናው ማጣሪያ ውስጥ አስቀምጡ። እዚያው ይኑር። 40 ሊትር የተበጠበጠ የጨው ውሃም ክዳን ባለው በርሜል ይቀመጥ። ሁለቱም የአንድ ታንግ ዋጋ ሩብ አይሆኑም።

ክላውንፊሾቹን በ77ኛው ቀን ማታ መለስኳቸው፤ ቀጥታ ድሮ ወደሚያድሩበት የግራ ጥግ ሄዱ። አሁን ለይቶ ማቆያው ውስጥ አንዲት አዲስ ዓሣ አለች፤ ዛሬ 19ኛ ቀኗ ነው፤ ስፖንጇም የቆየ ነው። ሐምራዊ ታንግ ግን እስካሁን አልገዛሁም።