ፋይል ክፈት ሲሉት «ፎልደር አይደለም»

ኢሙሌተር (ለአንድ ፕሮሰሰር የተሠራን ፕሮግራም ሌላ ፕሮሰሰር ላይ የሚያስኬድ ፕሮግራም) የሚጽፍ ሰው መደመር መቀነሱን፣ ሉፑንና ስታኩን ጨርሶ «ሠራልኝ!» ሲል ገና ነህ እለዋለሁ። ፕሮሰሰሩን መምሰል እኮ ቀላሉ ነው፤ ሁሉም ማኑዋሉ ላይ ተጽፏል። ጉዱ የሚወጣው ፕሮግራሙ ከርነሉን (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) የሆነ ነገር የጠየቀ ዕለት ነው፤ ይህ ጥያቄ «ጥሪ» ይባላል።

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ ወዳለችው የላፕቶፕ መጠገኛ ቤቴ አንድ ተማሪ ከኮምቦልቻ መጣ። በሲ የጻፈው ኢሙሌተር የአርም 64 ሊነክስ ፕሮግራም ኢንቴል ላፕቶፕ ላይ ያስኬዳል። «ጋሼ፣ ፋይል ሲከፍት አልተፈቀደም ይለኛል። ሩት (ሁሉ የተፈቀደለት ተጠቃሚ) ሆኜም ያው ነው» አለኝ። አብሽር ብዬ ወንበር ሳብኩለት።

እስቲ የሌለ ፋይል ክፈት በለው አልኩት። አሁንም «አልተፈቀደም»። ይኼኔ ነገሩ ተገለጠ። የሲ ላይብረሪ ጥሪው ሲከሽፍ -1 ይመልስና ትክክለኛውን የስህተት ቁጥር ኤረርኖ የሚባል ተለዋዋጭ ላይ ያስቀምጣል። ከርነሉ ራሱ ግን ቁጥሩን ኔጌቲቭ አድርጎ ኤክስ0 ሬጂስተር (የፕሮሰሰሩ ትንሽ ማከማቻ) ላይ ነው የሚመልሰው። ልጁ -1ን እንዳለ ሲያቀብል፣ ፕሮግራሙ ስህተት ቁጥር 1 ብሎ ያነባል፤ 1 ደግሞ «አልተፈቀደም» ነው። ምንም ይበላሽ ምን፣ መልሱ ያው አንድ!

እሱን ሲያርም የሌለው ፋይል በደንቡ 2 መለሰ። ያለው ፋይል ግን 20 አለ፦ «ፎልደር አይደለም»። ማን ፎልደር ነው አለህ? ኢሙሌተሩን በስትሬስ (አንድ ፕሮግራም ከርነሉን የጠየቀውን ሁሉ በሚያሳይ መሣሪያ) አስነሣነው፤ ኦፕንኤት (የፋይል መክፈቻው ጥሪ) የሚለው መስመር ላይ ኦ_ዳይሬክተሪ የሚል ፍላግ፣ ማለትም ፋይሉ እንዴት ይከፈት የሚል ምልክት፣ ተለጥፏል። ፕሮግራሙ የጠየቀው ኦ_ዳይሬክትን ነበር። ፍላግ ለከርነሉ የሚደርሰው በቁጥር ነው፤ አርም 64 ላይ 65536 ማለት «በካሽ ሳታልፍ ቀጥታ ከዲስክ» ነው። ኢንቴል ላይ ያው 65536 «ፎልደር ካልሆነ አትክፈት» ይሆናል። 16384 ደግሞ በግልባጩ። ልጁ የጥሪውን ቁጥር ከ56 ወደ 257 አሳምሮ መንዝሯል (56 እንዳለ ቢያልፍ ኖሮ ኢንቴል ላይ ክሎን፣ የአዲስ ፕሮሰስ መፍጠሪያ ጥሪ ነው፣ ሌላ ጣጣ)። ፍላጎቹን ግን ሳይነካ አሳልፏቸዋል። ኪውኢሙ የተባለው የታወቀ ኢሙሌተር ለዚህ ብቻ የሚሆን የመመንዘሪያ ሠንጠረዥ አለው፤ የ«-ስትሬስ» አማራጩም እንግዳው ፕሮግራም የጠየቀውን ያሳያል። የራሱን የሚጽፍ ሰው ሁለቱን ቀድሞ ቢሠራ ብዙ እንቅልፍ ያተርፋል።

አንድ ነገር ግን አላስደሰተኝም፦ የልጁ ኢሙሌተር ለማያውቀው ጥሪ ሁሉ ዜሮ ይመልሳል። ዜሮ «ተሳክቷል» ማለት ነው፤ ፕሮግራሙ አምኖ ይሄድና ሌላ ቦታ ይወድቃል። -38 («እንዲህ ያለ ጥሪ የለም») መልስ፣ የጥሪውን ቁጥርም ስክሪን ላይ አትም አልኩት።

የቀረው ኤፍስታት፣ ስለ ተከፈተ ፋይል መረጃ የሚሰጠው ጥሪ ነው። መረጃው የሚሞላበት የስታት መዋቅር ኢንቴል ላይ 144 ባይት፣ አርም 64 ላይ 128 ነው፤ የሊንክ ብዛት (ፋይሉ ስንት ስም እንዳለው) እና የፋይል ሞድ (ዓይነቱና ፈቃዱ) ቦታቸው ይለያያል። በጅምላ ከቀዳው፣ አንድ ሊንክ ብቻ ያለው ተራ ፋይል ሞዱ 1፣ ሊንኩ 0 ሆኖ ይመጣል። ያንን ካየህ ሌላ ቦታ አትፈልግ፣ እያንዳንዱን መስክ ለየብቻ ሙላ ብዬ ሸኘሁት።