ያኛው ልጅ የት ሄደ?

ዋሽንግተን ውስጥ 11 ዓመት የመኪና ማቆሚያ ጠብቄያለሁ። የሌሊት ፈረቃ። ምድር ቤት ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ማሞቂያ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚገባም የሚወጣም የለም። መተኛት ደግሞ ከሥራ ያስባርራል። ስለዚህ ፊልም አያለሁ። አንዱን ፊልም አሥር ጊዜ። ስለ አሜሪካ ብትጠይቁኝ ብዙም የምነግራችሁ የለኝም፤ ስለ ፊልም ከሆነ ግን ቡና አፍሉና ጥሩኝ።

ዘንድሮ ጥር ላይ፣ ከ22 ዓመት በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አገር ቤት ገባሁ። ለምን ይህን ያህል ቆየህ አትበሉኝ። ወረቀት የሚባል ነገር አለ፤ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ልደታ የነበረው የቀበሌ ቤታችን ከፈረሰ ቆይቷል። እህቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶላት አባባን ይዛ ገብታለች። ቱሉ ዲምቱ አዲስ አበባ የምታልቅበት ነው። አራተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ ቆማችሁ ስታዩ በአንድ በኩል ብሎክ ነው፣ ከብሎክ ኋላ ደግሞ ሌላ ብሎክ። በሌላ በኩል ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ይነሣል። ማታ የመኪናው መብራት ክር ይመስላል። የሰፈሩ ስም በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው።

የእህቴ ልጆች ሁለት ናቸው። ትልቁ ሦስተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ተማሪ ነው። ትንሿ 10ኛ ክፍል ናት፤ ክርክር ላይ ግን ማንም አይችላትም። አንድ ቅዳሜ ማታ እህቴ ቡና ስታፈላ ልጆቹ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርገው «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር»ን ከፈቱ። በእነሱ አቆጣጠር በ1985 የወጣ ፊልም ነው። ልጆቹ ሳይወለዱ እኔ የጠገብኩት። ማርቲ የሚባል የ17 ዓመት ልጅ ዶክ በሚሉት ሳይንቲስት መኪና ወደ 1955 ይሄዳል። እዚያ እናትና አባቱን በእሱ ዕድሜ ሳሉ ያገኛቸዋል፤ ሳያስበው መተዋወቂያቸውን ያበላሽና፣ አስተካክሎ ለመመለስ ፍዳውን ይበላል። አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያያሉ፤ ትንሿ ትተረጉምላቸዋለች።

መኪናዋ ዘመን የምትሻገረው በሰዓት 88 ማይል ስትበር ነው። ትልቁ ልጅ አሰላው።

«142 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የአዳማ መንገድ የሚፈቅደው 120 ነው። እዚህ ቢሆን ትራፊክ ያስቆመው ነበር።»

ከዚያ ዶክ ፀጉሩን ይዞ 1.21 ጊጋዋት ያስፈልጋል እያለ የሚጮህበት ቦታ መጣ። ልጁ ወደ እኔ ዞረ።

«አጎቴ፣ ይሄ ምን ያህል ነው? አንተ ኤሌክትሪካል አይደል የጨረስከው?»

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኮሌጅ የተመዘገብኩት በእኛ አቆጣጠር በ1999 ነው። ሁለት ሴሚስተር ተማርኩ። ከዚያ ኪራይ ጨመረ፣ እዚህ አባባ ታመሙ፣ ገንዘብ መላክ ነበረብኝ። አቋረጥኩ። «ትምህርት እንዴት ነው?» ሲሉኝ «ጥሩ ነው» እል ነበር። ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን አባባ «ታዲያ አልጨረስክም?» አሉኝ። በስልክ ካርድ ነበር የምንደዋወለው፤ ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ቀርቶታል። «ጨርሻለሁ አባባ» አልኩ። እልልታ ሰማሁ። ካርዱ አለቀ።

«ብዙ ነው» አልኩት ልጁን።

ደግነቱ መልሴን አልጠበቀም። «1,210 ሜጋዋት ማለት ነው። ህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ነው። ስለዚህ አራት እንደዚህ ዓይነት መኪና በአንዴ ይልካል፣ ትርፍም አለው» አለ። ይህን ብሎ አፉን ሳይዘጋ መብራት ሄደ። ፈጠራ ይመስላል፤ ግን ቱሉ ዲምቱ የኖረ ሰው ያምነኛል።

አባባ በጨለማው ውስጥ «አራቱን መኪና ይተዉትና ለእኛ አንድ አምፖል ይላኩ» አሉ።

ላፕቶፑ ባትሪ ነበረው። ሻማ ተለኮሰ፣ አቦሉ ተቀዳ፣ ፊልሙ ቀጠለ። ማርቲ የገባበት ቀን መኪናዋ ውስጥ ያለው የቀን ማሳያ ላይ ተጽፏል፤ ኖቬምበር 5፣ 1955። ትንሿ ስልኳን ነካ ነካ አደረገችና «በእኛ ጥቅምት 25፣ 1948» አለች።

አባባ ቀና አሉ። «ኢዮቤልዩ!»

ጃንሆይ የነገሡበት 25ኛ ዓመት የተከበረበት ሰሞን ነበር። ማርቲ ከመድረሱ በዋዜማው፣ ጥቅምት 24፣ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ታውጇል። ያ አሜሪካዊ ልጅ የአባቱን ትዳር ለማዳን ሲሯሯጥ፣ አባባ የ16 ዓመት ጎረምሳ ሆነው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ሲያዩ ነበር። ፊልሙን ያን ሁሉ ሌሊት ሳየው አንድ ቀን እንኳ ቀኑን ወደ እኛ መልሼው አላውቅም።

የክርክሩ መጀመሪያ የተለመደው ጥያቄ ነው። እናትና አባቱ ልጃቸው አድጎ ድሮ ያስተዋወቃቸውን ጎረምሳ ሲመስል እንዴት አላወቁትም? ትንሿ «ይሄ ፊልሙን ገደል ይከተዋል» ብላ ደመደመች። የፊልሙ አንደኛው ጸሐፊ ቦብ ጌል ለዚህ መልስ ሰጥቶበታል፤ የሚያውቁት በልጅነታቸው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው ብሎ። ይህን ልናገር አፌን ስከፍት አባባ ቀደሙኝ።

«በዚያ ሰሞን አንድ ልጅ ከጎጃም ከአባቱ ጋር መጥቶ እኛ ቤት ሳምንት አድሯል። አብረን በልተናል፣ አብረን ተኝተናል። አሁን ፊቱን ብትጠይቂኝ አላውቀውም። ጫማ እንዳልነበረው ብቻ ትዝ ይለኛል። የኔንም ጫማ እየተቀያየርን ነበር ያደረግነው።»

ትንሿ ዝም አለች። ይህ በየቀኑ የሚሆን ነገር አይደለም።

በሁለተኛው፣ በቶናው፣ ነገሩ ጦፈ። ትንሿ ሁለተኛውን ክፍል አይታዋለች። እኔ ደግሞ በዚያ ክፍል ላይ ቂም አለኝ። በእነሱ በ1989 ሁለተኛው ሲወጣ ማርቲ አዲስ አመል ይዞ መጣ፤ «ዶሮ» ያለውን ሰው ሳይመታ አያልፍም። አንደኛው ክፍል ላይ ይህ አመል የለውም። እዚያ የሚፈራው የሠራውን ሙዚቃ ሰው እንዳይንቅበት ነው እንጂ ለስድብ ደሙ አይፈላም። ለሁለተኛው ታሪክ ስለሚያስፈልግ ለጠፉለት።

«ዶሮ ማለት ምን ስድብ ነው?» አሉ አባባ።

ለማስረዳት አስቸጋሪ ነው። የእነሱ ዶሮ ፈሪ ናት። የእኛ ዶሮ 12 ብልት አላት፣ በዓል ያለ እሷ አይሆንም። «ቦቅቧቃ እንደማለት ነው» አለች ትንሿ።

«ታዲያ ቦቅቧቃ ሲሉት ቢመታ ምን ነውር አለው?»

ነውሩ ሌላ ነው አልኳቸው። የአንድ ሰው ጠባይ ከላይ ሊጫንበት አይገባም። እነዚህ ጸሐፊዎች አንደኛውን ሲሠሩ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ አላሰቡም። መጨረሻው ላይ መኪናዋ ስትበር ቀልድ ነበር። ፊልሙ ሲወደድ ጊዜ ግድ ሆነባቸው፤ ቀድመው ቢያስቡ ኖሮ የማርቲን ፍቅረኛ መኪናው ውስጥ ባላስገቧት። ምን እንደሚያደርጓት ሲጠፋቸው ሁለተኛው ክፍል ላይ ገና ሲጀመር አስተኝተዋት አረፉ። ተዋናይቷም ተቀይራለች።

እህቴ ከረከቦቱ ጀርባ ሆና፣ ፊልሙን እንኳ በቅጡ ሳታየው፣ «አንተ ያላየኸው አመል ሁሉ አዲስ አይደለም» አለች።

የምን ነገር እንደሆነ ገብቶኛል። ከመጣሁ ጀምሮ «አንቺ እኮ እንዲህ አልነበርሽም» ስላት ነው የሰነበትኩት። ስሄድ ሰው ፊት የማትናገር፣ ሱቅ ስትላክ የምታለቅስ ልጅ ነበረች። አሁን ደላላን በስልክ ታስለቅሳለች። መሐሉን አላየሁትም።

ትልቁ ልጅ «ኤንድጌም»ን አመጣ። እዚያ ፊልም ላይ ሕጉ ሌላ ነው፤ ኋላ ሄደህ ብትቀይር ያንተ ዘመን አይለወጥም። መጨረሻ ላይ ግን ካፒቴን አሜሪካ የሚሉት ጀግና ከድሮ ፍቅረኛው ጋር ኖሮ፣ ሸምግሎ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይገኛል። የት ነበር የኖረው? ጸሐፊዎቹ እዚሁ ዓለም ላይ ይላሉ። ዳይሬክተሮቹ ሌላ ዓለም ላይ ይላሉ።

«ታዲያ ሽማግሌ አይላላኩም?» አሉ አባባ።

በረካው ሲቀዳ ፊልሙ አለቀ። ማርቲ ወደ ዘመኑ ተመለሰ። መጀመሪያ ላይ «ሁለት ጥድ» ይባል የነበረው የገበያ ማዕከል አሁን «ነጠላ ጥድ» ሆኗል፤ ማርቲ ድሮ ላይ አንዷን ጥድ በመኪና ስለገጫት። ፊልሙ ሳይናገር የሚነግራችሁ ነገር ነው፣ በጣም ነው የምወደው። እኛ አገር ቢሆን አይሠራም ነበር። ዛፉ ቢቆረጥም ሾላ፣ ሾላ ነው።

ቤቱ ሲገባ ሁሉ ነገር ተለውጧል። ተሸናፊው አባቱ ደራሲ ሆኗል፣ ወንድሙ ሱፍ ለብሷል። ጋራዡ ውስጥ የሚመኛት ፒክአፕ ቆማ ትጠብቀዋለች፤ የእሱ ናት። መቼ እንደተገዛችለት ግን አያውቅም። ሌሎቹ የሚያስታውሱትን እሱ አልኖረውም። እሱ የሚያስታውሰውን ማንም አያውቅለትም።

ትንሿ እጇን አወጣች፣ ክፍል ውስጥ እንዳለች ሁሉ። «እሺ፣ ያኛው ልጅ የት ሄደ?»

«የቱ?»

«እዚህ ቤት ያደገው። መኪና የተገዛለት። እናቱ ቁርስ ስታበላው የኖረችው እኮ እሱን ነው፣ ይሄኛውን አይደለም።»

ትልቁ «እሱም ወደ ድሮ ሄዷል፣ ሲሄድ ታይቷል» አለ። እውነቱን ነው፤ ማርቲ ሲመለስ ሌላው ራሱ በመኪናዋ ሲበር ከሩቅ ያያል። «ታዲያ እሱስ ሲመለስ የት ይገባል?» አለች። ቅርንጫፍ ነው፣ መስመር ነው፣ ቀለበት ነው ተባለ። ናፕኪን ላይ ተሠመረ። እሷ ግን ወይ ፍንክች። «ቤተሰቡ ልጃቸው እንደጠፋ እንኳ አላወቁም! ሌላ ሰው ገብቶ ሳሎናቸው ቁጭ ብሏል!»

የሻማው ብርሃን እኔ ጋ አይደርስም ነበር። ለዚያ ይሆናል።

«እኔ ኤሌክትሪካል አልጨረስኩም» አልኩ።

የሲኒ ድምፅ እንኳ ጠፋ።

«ሁለት ሴሚስተር ብቻ ነው የተማርኩት። ሥራዬ መኪና ማቆሚያ ነበር።»

መጀመሪያ የተናገረው ትልቁ ልጅ ነው፣ ግራ ገብቶት። «ክፍል አንድ ላይ ግን ጨርሰሃል።»

«የታሪክ መፋለስ» አለች ትንሿ። እናቷ በማማሰያ ልትላት ምንም አልቀራት።

ከዚያ እህቴ ራሷ ሳቀች። «እኔ ካወቅኩ ቆይቷል» አለች። «የተመረቅህበትን ፎቶ ላክ ስልህ የበረዶ ፎቶ ላክህልኝ።»

አባባ ላይ ዓይኔን ማንሣት አቃተኝ። ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ብዙ ቆዩ።

«እኔ ለዕድሩ ነግሬያለሁ» አሉ።

«አባባ...»

«ኢንጂነር ነው ብያለሁ። ለሊቀመንበሩም፣ ለጸሐፊውም። በዚህ ዕድሜዬ ደረጃ እየወጣሁ እየወረድኩ ማስተባበል አልችልም። እንደምንም ብለህ ቻለው።»

መብራት የመጣው በማግስቱ ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ ነው። ከትልቁ ልጅ ጋር ዳቦ ልንገዛ ስንወርድ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የዕድሩ ጸሐፊ በራቸውን ከፍተው ቆመዋል።

«ኢንጂነር! እንኳን ደህና ገቡ! እግዜር ነው የላከዎት።»

ምጣድ በሰኩ ቁጥር መብራቱ ይጠፋባቸዋል። እንጀራው ግማሽ ላይ ይቀራል። ባለቤታቸው ሊጥ በእጃቸው እንደያዙ ከኩሽና ብቅ አሉ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ሳጥን ፊት አቆሙኝና ሁለቱም ያዩኝ ጀመር። እጄን ኋላዬ አጣምሬ ሳጥኑን አየሁት። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ተመሳሳይ ሳጥን ነበረ፤ 11 ዓመት ጃኬቴን የሰቀልኩበት።

ልጁ ከኋላዬ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «የራሱ መስመር አለው ወይ በል» አለኝ።

«ምጣዱ የራሱ መስመር አለው?» አልኩ፣ ድምፄን ወፈር አድርጌ።

ጸሐፊው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «አየሽ?» አሏቸው።