ቀጣዩን ኮንሶል የምገምተው ከዋጋው ተነስቼ ነው

አዲስ ኮንሶል (የጌም ማጫወቻ ሳጥን) ሊመጣ ነው ሲባል ሁሉም ቀድሞ የሚጠይቀው "ስንት ቴራፍሎፕስ?" ብሎ ነው። ቴራፍሎፕስ የግራፊክስ ቺፑ በሰከንድ ስንት ትሪሊዮን ስሌት እንደሚሠራ የሚናገር ቁጥር ነው። እኔ የሚቀጥለውን የሶኒ ኮንሶል፣ የፕሌይስቴሽን 6ን ግምቴን ስሠራ ይህን ቁጥር መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩት።

መጀመሪያ የቀድሞዎቹን ዋጋና አቅም ጎን ለጎን ጻፍኩ። ፕሌይስቴሽን 4 በ2013 በ399 ዶላር ወጣ፣ አቅሙ 1.84 ቴራፍሎፕስ። በ2016 ፕሮ የተባለው የተሻሻለው ሞዴል ሲመጣ አቅሙ 4.2 ደረሰ፣ ዋጋው ግን ያው 399። አሁን ይሄን ከፕሌይስቴሽን 5 ጋር አስተያዩት። በ2020 በ499 ዶላር፣ በ10.28 ቴራፍሎፕስ ወጣ፤ በ2024 የመጣው ፕሮ ደግሞ 16.7 ይዞ 699 ዶላር ገባ፣ ያውም ያለ ዲስክ ማጫወቻ። ድሮ በዚያው ዋጋ ከእጥፍ በላይ ይገኝ ነበር፣ በፕሌይስቴሽን 5 ግን 200 ዶላር ተጨምሮ የተገኘው የ60 በመቶ ገደማ ጭማሪ ነው። ጭራሽ መደበኛው ፕሌይስቴሽን 5 ራሱ በ2025 አሜሪካ ውስጥ ወደ 549 ዶላር ወጣ። ኮንሶል ሲያረጅ ይረክሳል የሚለውን ስሌት ከዚህ በኋላ ተውኩት። ምክንያቱም የቺፕ ቴክኖሎጂ በረቀቀ ቁጥር ማምረቻው እየተወደደ ነው፣ ያ ወጪ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ገዢው ላይ ያርፋል።

ቀጥሎ ሙቀት። ኮንሶል ትንሽ ሳጥን ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ከባድ ጌም ላይ 200 ዋት ገደማ ይበላል፣ ከዚያ ብዙ ማለፍ ትልቅ ማቀዝቀዣና ተጨማሪ ወጪ ነው።

ከዚያ ራም፣ ማለትም ጌሙ ሲሠራ መረጃ የሚይዝበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ። ፕሌይስቴሽን 3 በጠቅላላ 512 ሜጋባይት ነበረው፣ 4ኛው 8 ጊጋባይት፣ 5ኛው 16። ዝላዩ ከ16 እጥፍ ወደ 2 እጥፍ ወረደ!

ቴራፍሎፕስን ለምን ወደ ኋላ ገፋሁት? የማይክሮሶፍቱ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ በ12.15 ቴራፍሎፕስ ፕሌይስቴሽን 5ን በወረቀት ይበልጠዋል፣ ብዙ ጌሞች ግን ሁለቱም ላይ ተቀራራቢ ሆነው ነው የሚሠሩት። ተጫዋቹ ወዲያው የተሰማው ለውጥ ከኤስኤስዲው (ከፈጣኑ የመረጃ ማከማቻ) የመጣው ፍጥነት ነው፤ ጌም እስኪከፈት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ቀረ። ለእኔ ከየትኛውም የግራፊክስ ቁጥር በላይ ትልቁ ነገር እሱ ነው።

ስለዚህ ግምቴ ይኸው፦ ከ599 እስከ 699 ዶላር፣ ከ24 እስከ 32 ጊጋባይት ራም፣ የምስሉን ጥራት የማሳደጉን ሥራ ደግሞ በብዛት ኤአይ (ሰው ሰራሽ አስተውሎት) ይሸከመዋል። በ2025 መጨረሻ ላይ የኤአይ ዳታ ሴንተሮች ራሙን እየጠቀለሉ ዋጋውን አንረውታል። ይሄ ካልረገበ፣ ራሙን 24 ላይ አቆመውና ዋጋውን ወደ 699 አስጠጋዋለሁ።