ጽዋው 4ኛ ፎቅ ወጣ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የአባታችን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ጽዋ ማኅበር 12 አባላት አሉት፤ ወር በገባ በ24 ተረኛው በቤቱ ይዘክራል። ከ12ቱ አንዷ እናታችን ግን ተራቸው በደረሰ ቁጥር ጽዋውን የሚያወጡት በሰው ቤት ነበር። ተከራይ ናቸው። አከራይ «እንግዳ አይብዛ፣ ውኃ አይባክን» ካለ 12 ሰው አስቀምጦ ማብላት አይታሰብም። ስለዚህ ስለታቸው «ቤት ስጠኝ» ብቻ አልነበረም። «ጽዋህን በገዛ ቤቴ እንዳወጣ አድርገኝ፤ ደብረ ሊባኖስ ገዳምህ ድረስ መጥቼ አንድ ጃንጥላና 12 ጧፍ አስገባለሁ» ነበር ያሉት።

በ1997 ለኮንዶሚኒየም ተመዘገቡ፤ በ2005 እንደገና ተመዝግበው ቁጠባውን ቀጠሉ። በሐምሌ 2014 ዕጣ ሲወጣ ስማቸው የለም። ያ ዕጣ የመረጃ መዛባት ተገኝቶበት ተሰረዘና በኅዳር 2015 ዳግመኛ ወጣ፤ በዚህኛው ስማቸው ተገኘ። ባለ አንድ መኝታ፣ 4ኛ ፎቅ። የኮምፒውተር ሥራ ነው የሚል አይጠፋም፤ ይበል። በሐምሌ «ጻድቁ ረሱኝ» ብለው ያለቀሱትን ያየ ሰው በኅዳር ዝም ማለት አይችልም።

ቁልፍ እንደተረከቡ የሚበዛው ሰው ወደ ሴራሚክ ሱቅ ይሮጣል፤ ስለቱ «ቤቱ ሲያልቅ» ይባልና ዓመት ያልፈዋል። ቤት ደግሞ አያልቅም። እናታችን መጀመሪያ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄዱ፤ ትክክሉም ይህ ነው።

ገዳሙ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በማለዳ ከተወጣ ደርሶ መልስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ በእንጦጦ ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ሙከጡሪ፣ ደብረ ጽጌ፤ ፍቼ ሳይደረስ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ሱሉልታ ላይ ብርዱ አጥንት ይገባልና ነጠላ ብቻ የለበሰ ይጸጸታል፤ ጋቢ ይያዝ። ከዋናው መንገድ ወደ ገዳሙ የሚወርደው ቁልቁለት ነው፤ ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ይውረድ፤ ፍሬን ብቻ ረግጦ የሚወርድ ፍሬኑን ያግላል። ነሐሴ 24 እና ግንቦት 12 ሕዝቡ ስለሚበዛ ስለት ለማስገባትም ጸበል ለመቅዳትም ሰልፉ ቀኑን ይበላዋል። ተራ ቅዳሜ ይሻላል።

ስለቱ የሚሰጠው ለገዳሙ ስለት ተቀባይ ነው፤ ገንዘብ ከሆነ ደረሰኝ ይጠየቃል። በር ላይ «እኔ አደርስልሃለሁ» ለሚል አይሰጥም። ጸበል የሚጠጣ ሰው እህል ሳይቀምስ ይውጣ፤ ጻድቁ ወደ ጸለዩበት ዋሻ የሚወስደው መንገድ ዳገት ስላለው አዛውንት በየመሐሉ ማረፍ አለባቸው። ለቤት የሚቀዳው በአዲስ ጀሪካን ይሁን። ዘይት የነበረበት በሳሙና አሥር ጊዜ ቢታጠብ ሽታው አይለቅም፤ ይህን ስህተት በየዓመቱ የሚሠራ አይጠፋም። ባለ አንድ መኝታ ለመርጨት 2 ሊትር ከበቂ በላይ ስለሆነ ባለ 20 ሊትር ተሸክሞ ዳገት ለዳገት መንገላታት አያስፈልግም። ከመንገዱ ዳር ምሳ በእጅ ይዞ መቆም ጦጣ መጥራት ነው።

ቤት ማስባረክ ቤቱ ባዶ ሳለ ይመረጣል። የንስሐ አባት ጸሎቱን አድርሰው አራቱንም ማዕዘን፣ ወጥ ቤቱን፣ በረንዳውን ይረጫሉ። ከዚያ በፊት ብሬከሩ ይጥፋ፤ ክዳን ያልገጠመ ሶኬት ውስጥ ውኃ ከገባ ይነዝራል። ዕጣን ሲታጠን መስኮት ይከፈት። የኮንዶሚኒየም መስኮት ሲዘጋ አየር ስለማያስገባ ከሰል ያለበት ማጨሻ ተዘግቶበት ከታደረ ይገድላል። በብርድ ወራት ይህ ተደጋግሞ የሚሰማ ሞት ነው።

ሊሾው (የሲሚንቶ ወለሉ) ላይ ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት መታጠቢያ ቤቱ ይፈተን። የወለሉ ማፍሰሻ በጨርቅና በላስቲክ ይደፈን፤ 5 ሳንቲ ሜትር ውኃ ይሞላበት፤ 24 ሰዓት ይቆይ። በነጋታው የ3ኛ ፎቅ ጎረቤት ኮርኒስ ይታይ። እርጥበት ካለ ችግሩ በ500 ብር ሲሚንቶና ማጣበቂያ አይደፈንም፤ ውኃ መከላከያው እንደገና ይሠራ። ይህን የዘለለ ሰው ከተነጠፈ በኋላ ሴራሚኩን ያስነቅላል፣ ከጎረቤቱም ይጣላል። ጀሶው ደግሞ ሳይደርቅ ቀለም ከተቀባ በወሩ ይላጣል፤ መስኮት ከፍቶ ቢያንስ ሁለት ሳምንት መታገሥ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ስለሚስብ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይደርሳል። ከፍሪጅና ከማሞቂያ ጋር በአንድ መስመር ከተሰካ ወይ ብሬከሩ ይወድቃል ወይ ሶኬቱ ይቀልጣል። ለምጣዱ ብቻ በ4 ሚሊ ሽቦ ከብሬከር ሳጥኑ ራሱን የቻለ መስመር ይሳብለት። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ፣ 4ኛ ፎቅ ደግሞ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ስለሆነ ሮቶ ግድ ነው፤ ግን የ500 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ግማሽ ቶን ይመዝናልና በረንዳ ጠርዝ ላይ አይቀመጥም። እናታችን ሮቶውን እስኪገዙ 8 ቢጫ ጀሪካን ተጠቀሙ።

ዕቃ የመጣው በአይሱዙ ነበር። ከጫኝና አውራጅ ጋር ዋጋ የሚቆረጠው ዕቃው መኪና ላይ ሳይወጣ ነው፤ «4ኛ ፎቅ ድረስ» የሚለው ቃል ካልተባለ ደረጃው ሥር ሌላ ድርድር ይጀመራል። ቁም ሣጥን ካልተፈታ በደረጃው መጠምዘዣ አያልፍም። የበሩ ሲሊንደር በገቡበት ቀን ይቀየር፤ የድሮው ቁልፍ ስንት እጅ እንዳለ አይታወቅም።

ተራቸው ታኅሣሥ 24 ላይ ዋለ፤ የጻድቁ ልደት። የነቢያት ጾም ነውና ዝክሩ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ዳቦ ሆነ። ጠላው በ25 ሊትር ጀሪካን ደረጃውን ወጣ። የማኅበሩ ሙሴ (መሪው) 80 ዘልቀዋል፤ በየፎቁ እያረፉ ደረሱ። «አቡነ ዘበሰማያት» ተብሎ ጽዋው ሲነሣ ሁሉም ቆሞ ነበር። ሲቀመጡ ወንበሩ ለ7 ብቻ በቃ፤ የቀሩት አምስቱ ቢጫ ጀሪካን ላይ ተቀመጡ።