«ደርቋል?»

እማማ ያሉኝን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። የመድ፣ የግድግዳ መጋጠሚያ የምንደፍንበት ልስን ማለት ነው፣ ባልዲ ስከፍት ትዝ ይለኛል።

ሥራው ትንሽ ነበር። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያለ፣ እማማ የሚኖሩበት ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ላይ ያለው ሻወር አፍስሶ የሳሎኑን ኮርኒስ ጠርዝና ከሥሩ ያለውን ግድግዳ አበላሽቶታል። ፕላምበሩ ቧንቧውን ሠርቶ ሄዷል። የቀረው የእኛ ነው፤ የራሰውን ሺትሮክ (የግድግዳውን የጀሶ ሰሌዳ) ቆርጦ ማውጣት፣ አዲስ መግጠም፣ መጋጠሚያው ላይ የወረቀት ቴፕ መለጠፍ፣ መድ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሳንድ ማድረግ፣ ቀለም። ቤቱ በፈረንጅ 1980ዎቹ ውስጥ የተሠራ ነው። ከ1978 በፊት የተሠራ ቢሆን ኖሮ የድሮው ቀለም እርሳስ (መርዛማው ብረት) ሊኖርበት ስለሚችል አቧራ ማስነሳቱ ራሱ ሌላ ሕግ፣ ሌላ ወረቀት ይጠይቃል። ከዚያ ጣጣ ነፃ ነበርን።

ያስቸገረን ቀኑ ነው። እሁድ የእማማ የልጅ ልጅ ክርስትና ነው። ወንድ ስለሆነ 40 ቀኑ እሁድ ይሞላል፤ ወዲያ ወዲህ አይባልም። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው እንግዳ ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ሳሎን ውስጥ ነው። አለቃዬ «አርብ ማታ እናስረክባለን» ብሎ ለሴት ልጃቸው ቃል ገብቶላታል። እኔ የሰማሁት ረቡዕ ጠዋት፣ መኪና ውስጥ፣ ወደ ሥራው ስንሄድ ነው።

ግድግዳውን ስከፍተው የራሰው ከሚታየው እድፍ በጣም ሰፋ ያለ ነበር። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። እስከ እንጨቱ መሐል ድረስ ቆርጬ አወጣሁ። አዲሱን ገጥሜ በስክሩ አሰርኩት። ችግሩ እንዲህ ያለ ቁራጭ አራቱም ጠርዙ የተቆረጠ መሆኑ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው ሙሉ ሺትሮክ ረጅሙ ጠርዝ ላይ ሳሳ ተደርጎ ስለሚሠራ ቴፑና መዱ እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ይተኛሉ። የተቆረጠ ጠርዝ ላይ ግን ቴፑ ከግድግዳው በላይ ነው የሚቀመጠው። ጉብታው ለዓይን እንዳይታይ መዱን ግራና ቀኝ በሰፊው ማዳረስ አለብህ። በባለ 12 ኢንች የመለቅለቂያ ቢላዋ እየጎተትክ፣ ጫፉን እያሳሳህ። ይሄን የማያውቅ ሰው «ይቺን ለመድፈን ይሄን ሁሉ ግድግዳ ለምን ትለቀልቃለህ?» ይላል። ብዙ መድ ማለት ደግሞ ብዙ ውሃ ማለት ነው።

ወሩ ሐምሌ ነው። የዋሽንግተንን አካባቢ ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አየሩ ራሱ ይጨመቃል። የባልዲ መድ የሚደርቀው ውሃው ሲተን ነው። በደረቅ አየር በአንድ ሽፋንና በሚቀጥለው መካከል 24 ሰዓት ይጠበቃል። በእርጥብ አየር ከዚያም በላይ ይፈልጋል። መፍትሔው ሆት መድ ነው፤ በዱቄት መጥቶ በውሃ የሚቦካው። ከረጢቱ ላይ 20፣ 45፣ 90 ይላል፤ የሚጠነክርበት ደቂቃ ነው። እኛ አገር የምናውቀው የጀሶ ዘመድ ነው። አዲስ አበባ ጀሶ ስሠራ ስለኖርኩ እጄ ለምዶታል። ውሃው እስኪተን ሳይጠብቅ ራሱ ይጠነክራል፤ ቀጣዩን ሽፋን በዚያው ቀን ትደርብበታለህ። ቀለም ሊቀባ ሲል ግን እሱም ቢሆን ደርቆ መገኘት አለበት።

ረቡዕ ዕለት አለቃዬን «45 አምጣልኝ» አልኩት።

«ባልዲው ግማሽ አለው፤ እሱን ጨርስ» አለኝ።

አንድ ከረጢት ስንት ነው? የሁለት ሰው ምሳ እንኳ አይሞላም።

በባልዲው ሠራሁ። አርብ ጠዋት ሦስተኛውን ሽፋን ሳብኩና ሁለት ፋን ደገንኩበት። ፋን ላዩን ያደርቃል፤ ውስጡ እንደራሰ ይቀራል። አውቄዋለሁ።

እኩለ ቀን ላይ እማማ ቡና አፈሉ። ዕጣኑን ሳይቀር አጨሱ። ስኒውን እያቀበሉኝ «መድረቁን በምን ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁኝ። ደስ አለኝ። ስለ ሥራዬ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ የለም። ወስጄ አሳየኋቸው። ያልደረቀው ግራጫ ነው፤ ሲደርቅ ይነጣል። ከዚህ ይልቅ የማይሳሳተው ግን እጅ ነው አልኳቸው። «ልጅ ሲያተኩሰው ግንባሩን በእጅዎ ጀርባ እንደሚዳስሱት ያድርጉ። ከቀዘቀዘዎት ውስጡ ውሃ አለ።» የእጃቸውን ጀርባ አስነኩት። «እውነትም ይበርዳል!» ብለው ሳቁ።

ከሰዓት አለቃዬ ቀለሙን ይዞ መጣ። እማማ ከወጥ ቤት ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ደርቋል?»

አለቃዬ አየኝ። ምንም አላለም፤ ማየቱ በቂ ነው። ግድግዳውን ነካሁት። ይበርዳል።

«ደርቋል፣ እማማ» አልኩ።

ሳንድ አደረግኩት። የራሰ መድ ብርጭቆ ወረቀቱን ይይዘዋል፤ እንደ ሊጥ ይንከባለላል። እየጠራረግኩ ቀጠልኩ። ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለም። ማታ አስረከብን።

እሁድ እኔንም ጠሩኝና ሄድኩ። ቤቱ ሞልቷል። ግድግዳው በማታው መብራት ያምራል። ሕፃኑን ታቅፈው ፎቶ የሚነሱት እሱን ተደግፈው ነው። እኔ ከወዲያ ማዶ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጬ በላሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስልኬ ጮኸ። የደወሉት ለአለቃዬ አይደለም፤ ለእኔ ነው። «ሲመችህ ብቅ በል» ብቻ አሉኝ። በማግሥቱ ጠዋት ሄድኩ። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ግድግዳውን ታክካ ታልፋለች። እንደዚያ ያለ ብርሃን ምንም አይደብቅም። መጋጠሚያው ሰርጎድ ብሎ ከላይ እስከ ታች ይታያል። ቴፑ መዳፍ በሚያህል ቦታ ተነፍቷል። ኮርኒሱ ጠርዝ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አለ። መዱ ከቀለሙ ሥር ቀስ እያለ ሲደርቅ ተኮማትሯል።

ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«የዚያን ዕለት» አሉኝ፣ «አንተ መሰላሉን ልታመጣ ስትወጣ ነክቼው ነበር። እንዳሳየኸኝ አድርጌ። ይበርድ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«አንተ ደርቋል አልከኛ። ባለሙያው አንተ ነህ። የእኔ እጅ አርጅቶ ይሆናል ብዬ ተውኩት።»

መልስ አልነበረኝም። የግድግዳው ይስተካከላል፤ ሥራዬ ነው። ግን እኚህ ሴት ስንት ልጅ በዚያ እጅ ዳስሰው ትኩሳቱን ለይተው አሳድገዋል። የገዛ እጃቸውን ያስጠረጠርኳቸው እኔ ነኝ። ያውም እንዲያምኑት ባስተማርኳቸው በዚያው ቀን።

እውነቱን ነገርኳቸው። «እጅዎ ልክ ነበር፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆየት ብለው «ብትነግረኝ መጋረጃ እሰቅልበት ነበርኮ» አሉ። በቃ፣ ይሄው ነው። አንድ ነጭ መጋረጃ። እኛ አንድ ቤተሰብ ፊት «አልደረቀም» ማለት ፈርተን፣ መፍትሔው ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ነበር።

አለቃዬ ስነግረው «ገንዘቡ ተከፍሏል፤ ምን አገባህ?» አለኝ። ከእሱ ጋር ከዚያ በኋላ ብዙም አልሠራሁም። ዛሬ ለብቻዬ ነኝ። ቀን ተቆርጦ የሚመጣ ሥራ ሲያጋጥመኝ ከመጀመሬ በፊት የሚደርቅበትን ጊዜ እናገራለሁ። በዚህ ምክንያት ያመለጠኝ ሥራ አለ። ሌላው «ነገ ይደርሳል» ብሎ ወሰደው። ያናድደኛል።

የእማማን ግድግዳ በራሴ ገንዘብ መልሼ ሠራሁት። የተነፋውን ቴፕ ልጬ፣ እስከ ወረቀቱ ፍቄ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሽፋኖች በ45 ሳብኩ። የመጨረሻውን በባልዲ መድ አለስልሼ አሳደርኩት። በማግሥቱ ቀለሙን ይዤ መጣሁ። ነጭ ሆኗል። ለዓይን የደረቀ ነው።

«ደርቋል?» አሉኝ ከወንበራቸው ሳይነሱ።

«እርስዎ ይንኩት» አልኳቸው።

ተነሡ። የእጃቸውን ጀርባ ከላይ አስነኩት፣ ከዚያ መሐሉን፣ ከዚያ ዝቅ ብለው ታችኛውን ጠርዝ። እዚያ ላይ እጃቸው ቆየ።

«ከታች ገና ነው» አሉ።

ጎንበስ ብዬ ነካሁት። ይበርድ ነበር። ቀለሙን መልሼ መኪናው ላይ ጫንኩ።