ካርዷን የምትቆጥረው ነጋዴ

ዛሬ ጋና፣ ኩማሲ ከተማ፣ «ከጄቲያ» በሚባለው ገበያ። የማይክሮፋይናንሱ ገንዘብ ሰብሳቢ ቲማቲም ሻጯ ጋ ቆመ። የዕለቱን ሲዲ (የጋና ገንዘብ) ሰጠችው፣ ካርዷ ላይ ምልክት አደረገ። ካርዱን ተቀብላ ምልክቶቹን በጣቷ አንድ በአንድ ቆጠረች፣ ከመጀመሪያው ጀምራ። ሰውየው ሳይሰለች ጠበቃት።

ይህን ቁጠባ «ሱሱ» ይሉታል። በየቀኑ እኩል ታስቀምጣለች። ወሩ ሲያልቅ ገንዘቧ ይመለስላታል፣ የአንድ ቀኑ ለሰብሳቢው ይቀራል። እንደ እቁብ ዕጣ የለውም። ብድር ስትጠይቅም፣ መያዣ ለሌላት ሴት ይህ ቁጠባ ትልቅ ምስክር ነው።

መቁጠሯ ልክ ነው! የጋና ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2019 የ347 ማይክሮፋይናንስ ተቋማትን ፈቃድ ሰርዟል። እኛ ግን ሁሌ የምንጠይቀው «ተበዳሪዋ ትከፍላለች ወይ?» ብለን ነው። ተቋሙስ ያስቀመጠችውን ይመልስላታል ወይ? ነገ የተቋሙ ቅርንጫፍ ስሄድ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው።