«አታስቢው» አትበሉኝ

ግንቦት ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ ስጋግር የእህቴ ልጅ እጇን ወደ ምጣዱ ዘረጋች። ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላትም። አክንባሎውን ጥዬ እሷን ለመከላከል ስወረወር የቀኝ ክንዴ ውስጠኛው ጎን በጋለው ምጣድ ላይ አረፈ። ምንም አልተሰማኝም። ልጅቱን አንሥቼ በሩ ድረስ ወሰድኳት፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያገላበጥኩ አየሁ። ደኅና መሆኗን ካረጋገጥኩ በኋላ ነው ክንዴ እሳት የሆነብኝና የጮኽኩት።

የምኖረው ራስ መኮንን ድልድይ አቅራቢያ ነው። የምሠራው አራት ኪሎ፣ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ በአራሚነት። ለሦስት ሳምንት ያህል፣ በየሁለት ቀኑ፣ ከሥራ በፊት ፋሻ ለማስቀየር ጤና ጣቢያ ተመላለስኩ። የተቃጠለ ሰው ያውቀዋል፤ ከቃጠሎው በላይ የሚያስፈራው ፋሻ የሚቀየርበት ሰዓት ነው። ጎዙ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ያድራል፤ በውኃ እያራሱ ከዳር ከዳሩ ይልጡታል። የመጀመሪያዋ ነርስ ደግ ልጅ ነበረች። «አይዞሽ፣ አታስቢው» ትለኛለች። እኔም ላለማሰብ እታገላለሁ። ላለማሰብ ስታገል የማስበው ግን እሱኑ ነው፤ እያንዳንዱ ክር ከሥጋዬ ሲለቅ እቆጥረው ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት በዕድሜ ጠና ያሉ ሲስተር ተረከቡኝ። «ሥራሽ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ ጓንታቸውን እያጠለቁ። ነገርኳቸው።

«እንግዲያውስ አስተምሪኝ። ‹ሐኪም› በየትኛው ነው የሚጻፈው?»

«በሐመሩ ሐ።»

«‹ኃይል›ስ?»

«በብዙኃኑ ኀ።»

«ለምን?» አሉ፤ እጃቸው ግን ሥራውን አላቋረጠም። ከግእዙ ጀምሬ ማስረዳት ያዝኩ። ‹ሀገር›ን ጠየቁኝ፣ ‹ሕመም›ን ራሱን ጠየቁኝ፣ ‹እሳት›ን ጠየቁኝ። «እሳቱ ሰ!» ብዬ ስመልስ ሁለታችንም ሳቅን። ወደ ክንዴ ዘወር ስል አዲሱ ፋሻ ተጠቅልሎ አልቋል። ሕመሙ ጠፍቶ ነበር አልልም። ነበር፤ ግን ከግድግዳ ማዶ እንደሚሰማ የጎረቤት ሬዲዮ ርቆ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን መከታተል ጀመርኩ። ቀለል ያለ ጽሑፍ ሳርም፣ ለምሳሌ የሠርግ መጥሪያ፣ ክንዴ እንደተለመደው ይጠዘጥዘኛል። ቁጥር የታጨቀበት ሠንጠረዥ ወይም የግእዝ ጥቅስ የበዛበት ገጽ ሲመጣ ደግሞ አንድ ሰዓት ሙሉ ክንድ እንዳለኝ እረሳለሁ። ቀና ስል ከነሙሉ ኃይሉ ይመለሳል።

ይህን ያየች የቅርብ አለቃዬ «ሥራ ላይ ስትሆኚማ አያምሽም» አለች፤ በሰው ፊት፣ እንዳጋለጠችኝ ሁሉ። ንግግሯ ከምጣዱ ባልተናነሰ አቃጠለኝ። ሕመም ትኩረት ሲነፈገው መቀነሱ ሕመሙን ሐሰት አያደርገውም። ማታ ቤቴ ገብቼ ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ ያነበብኩት በእልህ ነበር።

ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1965 እ.ኤ.አ. ሕመም ከቆዳ ተነሥቶ አንጎል እስኪደርስ ድረስ ህብለ ሰረሰር ውስጥ በር የሚመስል ነገር ያጋጥመዋል ብለው ጻፉ። በሩን ከታች የመዳሰስ ነርቮች ያጠብቡታል፤ የተመታ ጉልበታችንን ወዲያው የምናሸው ለዚህ ነው። ከላይ ደግሞ አንጎል ራሱ ትእዛዝ ይልካል። የንድፈ ሐሳቡ ዝርዝር ከዚያ ወዲህ ብዙ ታርሟል፤ ዋናው ሐሳብ ግን ጸንቷል።

ልቤን ያሳረፈው በ2012 እ.ኤ.አ. ጀርመን፣ ሀምቡርግ ውስጥ የተሠራው ጥናት ነው። ፈቃደኞች ክንዳቸው ላይ የሚያሳምም ሙቀት እየተደረገባቸው አንዴ ቀላል፣ አንዴ ከባድ የማስታወስ ሥራ ተሰጣቸው። ከባዱን ሲሠሩ ሕመሙ ቀነሰ፤ የህብለ ሰረሰራቸው ምስልም የሕመሙ ምልክት እዚያው፣ አንጎል ሳይደርስ መዳከሙን አሳየ። ሰውነት ራሱ የሚያመነጨውን ሞርፊን መሰል ንጥረ ነገር የሚያግድ መድኃኒት ሲሰጣቸው ደግሞ የከባዱ ሥራ ጥቅም ጉልህ በሆነ መጠን አነሰ። ሠንጠረዡ ላይ አቀርቅሬ ሳለሁ ህብለ ሰረሰሬ ውስጥ ሥጋዊ የሆነ ነገር እየተከናወነ ነበር ማለት ነው። ይህን ለአለቃዬ በሚገባ ነግሬያታለሁ።

አሜሪካ፣ ሲያትል ውስጥ ተመራማሪው ሀንተር ሆፍማንና ባልደረቦቹ የተቃጠሉ ሕሙማን ፋሻ ሲቀየርላቸው ዓይናቸው ላይ ምናባዊ ዓለም የሚያሳይ መሣሪያ አጥልቀው በኮምፒውተር በተሠራ በረዷማ ሸለቆ ውስጥ የበረዶ ኳስ እንዲወረውሩ ያደርጓቸው ነበር፤ ሕመማቸውም በእጅጉ ቀንሶ ተገኝቷል። የእኔዋ ሲስተር ያላቸው ሀሌታው ሀ ብቻ ነበር።

ሌሊቱ ግን ሌላ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ መኪናው ሁሉ ሲጠፋ፣ ክንዴና እኔ ብቻ እንቀራለን። ማስታገሻውን ውጬ ጣሪያውን አያለሁ። አንዳንድ ሌሊት ከጊዮርጊስ በኩል የሰዓታቱ ዜማ በድምፅ ማጉያ ይመጣል። ጥራት የለውም፤ ነፋሱ ይቆራርጠዋል። የተቆረጠውን ቃል በግምት እየሞላሁ ስከተል ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ።

አደጋም አለው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራዬ ላይ ተመስጬ ፋሻው በፈሳሽ መራሱን አላስተዋልኩም፤ ቁስሉ ማመርቀዝ ጀምሮ ነበር። ሲስተር ተቆጡኝ፤ ትክክል ነበሩ። ሕመም ሲጠራ መስማትም ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱም ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት።

የመጨረሻው ቀጠሮዬ ዕለት ወረፋው ላይ ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ ከእናቱ ጋር ተቀምጧል፤ እግሩ ላይ ሻይ ፈስሶበታል። እናቱ «የኔ ጌታ፣ አታስበው» ትለዋለች፤ ሐዘኗ ያስታውቃል። ከቦርሳዬ ያልታረመ ገጽና ቀይ እስክሪብቶ አውጥቼ «ማሙሽ፣ እዚህ ውስጥ ንጉሡ ሠ ተደብቋል፤ የቻልከውን ያህል ክበብልኝ» አልኩት። እናቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ተቀበለኝ። ገጹን ይዞ ገባ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ጎዙ ሲነሣ አለቀሰ፤ ከዚያ ዝም አለ፤ «እዚህ ጋ ሌላ አለ» ሲል ሰማሁት፤ ደግሞ አለቀሰ። ሲወጣ ሰባተኛው መስመር ላይ ደርሶ ነበር። ገጹን ልቀበለው እጄን ብዘረጋ ወደ ደረቱ አስጠጋው።